ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት ፊልሙ የት እንዳለ ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። ለእነሱ መካሪ አልጠፋም፤ በየመድረኩ ማይክ የጨበጠ ሁሉ ሲመክራቸው ያመሻል። የምጽፈው ለእናንተ ለእኩዮቼ ነው፤ በቴአትር ቤት መጋረጃ ጀርባ ተራችንን አብረን ለጠበቅነው፣ ፊልም በጥቅል ይቆጠር በነበረበት ዘመን ጀምረን በእጅ ስልክ እስከሚቀረጽበት ዘመን ለደረስነው፣ ዛሬ ደግሞ የሽልማት ምሽት በመጣ ቁጥር ከፊት ረድፍ ለምንቀመጠውና «ጋሼ፣ ዳኛ ይሁኑልን»፣ «እትዬ፣ ዋንጫውን እርስዎ ይስጡልን» እየተባልን ለምንለመነው።

ቃሌ ቢሻክር አትቀየሙኝ። የማንጠብቀውን ፊልም እየሸለምን ነው። ዋንጫውን እናስረክባለን፣ እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ መኪና የሚያደርሰን ፈልገን ወደየቤታችን እንገባለን። የተሸለመው ሥራ በዚያች ሌሊት የት እንደሚያድር ግን አንዳችንም አንጠይቅም። በዚሁ ከቀጠልን የልጅ ልጆቻችን የሚወርሱት የአሸናፊዎችን ስም ዝርዝር ይሆናል፤ በምን እንዳሸነፉ የሚያዩበት ፊልም አይኖራቸውም።

ሽልማቱን ላጣጥል እንዳልመጣሁ ልብ በሉልኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዮናስ ብርሃነ መዋ የጉማ ፊልም ሽልማትን ሲጀምር ከልቤ ደስ ብሎኛል። ከዚያ በፊት ኤዲተሩ፣ የድምፅ ባለሙያውና ሜካፕ ሠሪዋ ስማቸው ፖስተሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ተመልካቹም መብራት ሲበራ ወደ በሩ ስለሚጋፋ የሚያነባቸው አልነበረም። እነዚያ ሰዎች በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው የብሔራዊ ቴአትር መድረክ ስማቸው ሲጠራ፣ ደረጃውን ሲወጡ፣ እናቶቻቸው ከወንበር ተነሥተው እልል ሲሉ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ማን ማሸነፍ ነበረበት እየተባለ በየካፌው መጨቃጨቁም ደግ ነው። ጭቅጭቅ የሌለበት ሽልማት የቢሮ ምስጋና ወረቀት ነው።

መድረኩ ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በአብዮቱ ዋዜማ ከሠራው «ጉማ» ከተሰኘው ፊልም ነው። የቀደመን ማክበር ይህ ነው፤ እሰየው። ታዲያ አንድ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ሲኒማቶግራፈር ፕሮግራሙ እስኪጀመር ስንጫወት «ጋሼ፣ ጉማን አይተውታል?» አለኝ። አይቼዋለሁ አልኩት። ዓይኑ በራ። «እኔስ የት ሄጄ ላየው እችላለሁ?» ሲለኝ ይህ ነው ብዬ የምሰጠው አድራሻ አልነበረኝም። ስልክ ደውልለት የምለው ሰው፣ ሄደህ ጠይቅ የምለው ቢሮ፣ ገብተህ ተመልከት የምለው አዳራሽ ከአእምሮዬ ሊመጣ አልቻለም። ልጁ በትሕትና አንገቱን ነቀነቀ፤ ፕሮግራሙም ተጀመረ። በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበውን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን ቢጠይቀኝስ ኖሮ? የአገራችን የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም እያልን በየንግግራችን መግቢያ የምንጠራውን ማለቴ ነው። ከእናንተ መካከል ባለፉት አሥር ዓመታት ሙሉውን ያየ ካለ እጁን ያውጣ።

ይህ የድሆች ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1929 በሆሊውድ የመጀመሪያው የኦስካር ሽልማት ሲሰጥ የምርጥ ወንድ ተዋናይነቱን ዋንጫ የወሰደው ኤሚል ያኒንግስ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ያሸለሙት ሁለት ፊልሞች ናቸው። አንደኛው ዛሬም ይታያል። ሁለተኛው፣ «ዘ ዌይ ኦፍ ኦል ፍሌሽ» የተባለው፣ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር የለም። ሰውየው ምን ያህል ቢጫወት ነው ከዓለም ተዋንያን ሁሉ ቀድሞ ያንን ዋንጫ ያገኘው? የሚመልስልን የለም። በቀጣዩ ሽልማት ደግሞ «ዘ ፓትሪየት» የተባለ ፊልም ለምርጥ ፊልምነት ታጭቶ በስክሪፕት አሸነፈ፤ ዛሬ ሙሉ ቅጂው በየትም አይገኝም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት እንደሚለው ከድምፅ አልባው ዘመን ወደ አሥራ አንድ ሺህ ከሚጠጉት የአሜሪካ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልሞች በመጀመሪያ ይዞታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ስቱዲዮ እያለ ማለት ነው። ጉዳያቸውን የሚያባብሰው የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ የድሮው ቦታ አጣበበ፣ ብሩም ከሴሉሎይዱ ላይ ታጥቦ መሸጥ ይችላል፣ ማን ተመልሶ ያየዋል ተባለ። ይህን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ የሰማችሁት ይመስለኛል።

ሕንዶቹ አንድ ብልሃት አላቸው። ብሔራዊ የፊልም ሽልማታቸው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ከእኛው ይልቅ ስድሳ ዓመት ይበልጣል። በ1964 ደግሞ ፑኔ ከተማ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ቤት አቋቋሙ። ከዚያ በሽልማቱ ደንብ ውስጥ ያሸነፈው ፊልም ቅጂ ለመዝገብ ቤቱ እንዲገባ አደረጉ። ተሸላሚው ዋንጫውን ሲወስድ ፊልሙ ቤት ያገኛል። ይህን ያስተማራቸው ሐዘን ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የሕንድ ፊልም «አላም አራ» እ.ኤ.አ. በ1931 ወጥቶ አገሩን ሁሉ ያነቃነቀ ነበር፤ ዛሬ አንድም ቅጂ የለም። መዝገብ ቤት ስላቋቋሙም ከአደጋ አላመለጡም፤ በ2003 ፑኔ ውስጥ የተነሣ እሳት የድሮዎቹን ተቀጣጣይ ጥቅሎች በልቶባቸዋል። ግን ምን እንደጠፋባቸው በስም ያውቃሉ። እኛ የጠፋብንን ቆጥረን ማልቀስ እንኳ አንችልም፤ መዝገቡ የለንማ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። ከእናንተ አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲታመም ልጠይቀው ሄጄ አልጋው ሥር ያለውን ቆርቆሮ እንዳወጣለት ለመነኝ። ክብ የፊልም ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ዝጎ ስለተጣበቀ በማንኪያ ጀርባ ዙሪያውን እየመታሁ አላቀቅሁት። ሲከፈት ኮምጣጤ ሸተተኝ፤ ዓይን የሚያስነባ የኮምጣጤ ሽታ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አሲቴት የሚባለው የፊልም ዓይነት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ከውስጡ አሲድ ይለቅቃል፣ ያ አሲድ መልሶ ራሱን ይበላዋል፣ አንዱ ጥቅል ከጀመረው አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። ጠርዙን በጥፍሬ ሳነሣው ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ከመሠረቱ ተላቆ ጣቴ ላይ ቀረ። ጥቁርና ነጭ ነበር። የሴት ትከሻ ይመስላል፣ ነጠላ ይመስላል። ጓደኛዬ ምን እንደሆነ እንዳልነግረው በዓይኑ ለመነኝና ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። እሱ ዛሬ የለም። ቤቱ ተሸጧል። ቆርቆሮዎቹን ማን እንደወሰዳቸው ጎረቤት ስጠይቅ «ቆራሌው» አሉኝ። በኪሎ ነው የሄዱት።

ለምን አልጋ ሥር ነበሩ? ሰው ስለማያምን ነበር። ይህንን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም እንደ እሱ ናችሁና። «ለሰው ብሰጥ ነገ ሱቅ ውስጥ ይቸበችቡታል» ትላላችሁ። ፍርሃታችሁ መሠረት የለውም አልልም፤ በቪሲዲ ዘመን ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ሳይወርድ መርካቶ ሲሸጥ አይተናል። ነገር ግን ስሌቱን እዩት። የቅጂ መብት አዋጃችን ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ሃምሳ ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሕጉ ወራሾቻችሁን ሃምሳ ዓመት ሊጠብቅላቸው ተዘጋጅቷል፤ የሚጠበቀው ነገር ግን አልጋ ሥር ኮምጣጤ እየሆነ ነው። ወራሹም ቶሮንቶ ወይም ዱባይ ነው ያለው፤ ለቀብር በመጣ ሳምንት ቤት ሲያጸዳ ይህ ዝገት ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አያገኝም። የቤቱን ካርታ ስትናዘዙ ፊልሙንም ተናዘዙ። ይህ ሟርት አይደለም።

ስለ ሴሉሎይድ ስናገር አንዳንዶቻችሁ «ያ አለፈ፤ አሁን ሁሉም ዲጂታል ነው፣ ዲጂታል አይበሰብስም» እንደምትሉ ይሰማኛል። ከሁሉ የማስጠነቅቃችሁ እዚህ ላይ ነው። ሴሉሎይድ ቢያንስ ሲበሰብስ ይሸታል። ሀርድ ዲስክ ግን መሳቢያ ውስጥ በሰላም ተኝቶ ቆይቶ አንድ ቀን ሲሰኩት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ከሠራ በኋላ መቼ ጥሎ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ቀዳዳ ማሰሮ ላይ ውሃ እየጨመሩ ሞላ እንደማለት ነው፤ እያገላበጡ ካልቀዱት አይቆይም። ቪዲዮውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም። በ1990ዎቹ ካሜራው ረከሰና እነ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲኒማ ቤቶቻችንን በሰልፍ ሲያስጨንቁ ያ ሁሉ ትውልድ በካሴት ነበር የሚሠራው፤ ቪኤችኤስ፣ ቤታካም፣ ሚኒ ዲቪ። ካሴቱ ቢተርፍ እንኳ ማጫወቻው የለም። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ የቤታካም ማጫወቻ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ተናገሩ፤ ከወርቅ ይበልጣል። ጥገና የሚያውቁትም ሰዎች እንደ እኛው እያረጁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋውን ያየሁት ግን በዳኝነት ክፍል ውስጥ ነው። የውድድሩን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹም ስም አያስፈልግም፤ ተንኮል የለበትምና። ለዳኞች ፊልም የሚመጣው በፍላሽ ነው። አስተባባሪዋ ፍላሹን ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች፣ ከፕሮጀክተሩ ጋር ታገናኛለች፣ እናያለን፣ ነጥባችንን ወረቀት ላይ እንሞላለን። ቀጣዩ ፊልም ሲመጣ ላፕቶፑ ሞልቷል አለች። ያየነውን ፊልም በቀኝ ጠቅ አደረገችና አጠፋችው፤ ከዚያም የላፕቶፑን የቆሻሻ ቅርጫት ባዶ አደረገች። ልጅቱ ሥራዋን ነው የሠራችው፤ ቅጂ ይዞ መቆየት ስርቆት ያስጠረጥራል ተብላለች። ከመካከላችን ቅር ያለው መኖሩን እንጃ። ቡና መጣ። ያ የተሰረዘው ፊልም በዚያ ዓመት አሸነፈ።

«ኧረ ዋናው ቅጂ ፕሮዲዩሰሩ ጋ አለ» ብላችሁ ትጽናናላችሁ። ጠይቁት እስኪ። ዲስክ የሚገዛው በውጭ ምንዛሬ ከመጣ ዕቃ ስለሆነ ውድ ነው፤ ፊልሙ ወጥቶ ሲኒማ ቤት ዞሮ ለዩቲዩብ ቻናል ከተሸጠ በኋላ ዲስኩ ተጠርጎ ለሚቀጥለው ፊልም ይውላል። የቀረው ዩቲዩብ ላይ ያለው ነው። እሱም ተጨምቆ የተጫነ፣ ጥግ ላይ የቻናሉ አርማ የተለጠፈበት፣ መሐሉ በማስታወቂያ የተቆረጠ። ቻናሉ ቢዘጋ ወይም ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ይዞ ቢሰደድ ያ ሥራ የለም ማለት ነው። በጉማ መድረክ የተሸለሙትን እነ የቅድስት ይልማን «ረቡኒ»ን፣ እነ የአብርሃም ገዛኸኝን «የነገን አልወልድም»ን አስቡ። ባለቤቶቻቸው እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠብቀዋቸው ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ እንዲሆን እመኛለሁ። ግን እናንተ ዳኞችና ሽማግሌዎች መጠየቅ ነበረባችሁ። አገር የሸለመውን ነገር የመጠበቅ ዕዳ አንድ ደክሞ የኖረ ፕሮዲዩሰር ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ነውር ነው።

ኃይሌ ገሪማን እዩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ክረምት፣ አገሩ በሚናወጥበት ሰዓት፣ በአሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸው። ሠላሳ ዓመት አልፎ ፊልሙ በጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2006 በካን የጥንታዊ ፊልሞች ክፍል ታየ። ወደ ጣሊያን ሄዶ መዳኑ ለእኔ ትውልድ ትንሽ ይቆረቁራል፤ ቢሆንም ዳነ። «ሳንኮፋ»ንም እ.ኤ.አ. በ1993 ሠርቶ አከፋፋይ ሲያጣ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ አሳየው፤ መብቱንም ኔጌቲቩንም ለማንም አልሸጠም። ለዚህ ነው ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ታድሶ በኔትፍሊክስ ሊታይ የቻለው። ዋሽንግተን ሄዳችሁ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በሚገኘው በሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት የገባችሁ ሰውየው ለዕቃው ያለውን ቅናት ታውቁታላችሁ። ይህ ሰው በ«ጤዛ» ከቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወስዷል። እኛ ስለ እሱ ስናወራ የምንጠራው ፈረሱን ነው። እኔ ግን የማደንቅለት ኔጌቲቩን ነው።

አሁን የምናገረውን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፤ ከእናንተ ጋር ብዙ ጊዜ የተቋሰልኩበት ነገር ስለሆነ። «የአሁኑ ፊልም ምን የሚጠበቅ ነገር አለው?» የምትሉ አላችሁ። ሁሉም የፍቅር ኮሜዲ ነው፣ ሁሉም ቪላ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ይነታረካል፣ ስክሪፕት የለውም፣ ድምፁ ያስተጋባል። ግማሹ እውነት ነው። እኔም በዳኝነት ተቀምጬ እንቅልፍ የወሰደኝ ቀን አለ። ነገር ግን ለማቆየት መፍረድ ሌላ፣ ለመሸለም መፍረድ ሌላ ነው። ያን ያህል የናቃችኋቸው ኮሜዲዎች ከጀርባቸው ምን እንደያዙ አይታችኋል? ልጅቱ ተኮሳትራ ታክሲ ስትሳፈር ከኋላዋ ያለው ቀላል ባቡሩ ከመሠራቱ በፊት የነበረው ሜክሲኮ አደባባይ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ማኪያቶ ይዘው ሲጣሉ መስኮቱ ውጪ ያለችው ዛሬ የሌለችው ፒያሳ ናት። ካሳንቺስም ፈረሰ፤ ግንቡ፣ ግቢው፣ የቡና ቤቱ ሰማያዊ በር ተንቀሳቅሶ የሚታየው በእነዚያ በናቅናቸው ፊልሞች ውስጥ ነው። ማንም ከተማውን ልቅረጽ ብሎ አልወጣም፤ ርካሽ ስለነበረ መንገድ ላይ ቀረጹ፤ በዚያው ከተማውን አተረፉልን። የወያላው አጠራር፣ የብር ኖቱ መልክ፣ የልጆቹ አማርኛ፣ የስልክ ቀፎው ትልቀት፣ እነዚህ ሁሉ ፊልሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግድ አይሰጣቸውም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ዛሬ እኛ አናውቅም። የእኛ ዳኝነት እዚያ ድረስ አይሄድም።

ሌላው ሰበብ መንግሥት ነው። የፊልም ፖሊሲ ወጥቷል፣ ሚኒስቴር አለ፣ ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ መጽሐፍ ያሳተመ ሁሉ ቅጂ ማስገባት እንዳለበት ያውቃል፤ ለፊልሙም እነሱ ያስቡበት ትላላችሁ። ያስቡበት፤ እኔም ደጃቸውን የምጠናው ለዚህ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ፊልም ኮርፖሬሽን በ1979 ተቋቁሞ እኛው እያየነው ፈርሷል፤ ሲፈርስ ዴስኩና ወንበሩ በዝርዝር ተቆጥሮ ርክክብ ተደርጓል። በተቋም ብቻ የታመነ ነገር ተቋሙ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የሽልማት መድረኩ ግን በእጃችን ነው። ያለ እኛ ፊት ረድፉ ባዶ ነው፤ ያለ እኛ የሕይወት ዘመን ሽልማት የሚሰጠው ሰው አይገኝም። ይህን ጉልበት እስከ ዛሬ የተጠቀምንበት ለተሻለ ወንበርና ለትራንስፖርት አበል ነው።

ስለ ሕይወት ዘመን ሽልማት ካነሣሁ አይቀር። በአንድ መድረክ አንዲት እኩያችን ካባ ሲደረብላት ከጀርባዋ ባለው ሰፊ ስክሪን የሥራዎቿ ማስታወሻ ይታያል ተባለ። የመጣው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶ፣ ፎቶ፣ አንድ የጋዜጣ ቁራጭ፣ እንደገና ፎቶ። በሥሩ የተለቀቀው ክራር ነው። ዕድሜዋን ሁሉ በእንቅስቃሴና በድምፅ የሠራች ሴት፣ ያንን የምናውቀውን ሳቅ የምትስቅ ሴት፣ አንዲት ደቂቃ ስትንቀሳቀስ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። አዘጋጆቹ ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ ለሳምንታት ሲደዋውሉ ነበር። እኔንም ደውለውልኛል። እሷ ካባውን ይዛ ወደ ስክሪኑ ዞር ብላ ተመለከተች፣ ፈገግ አለች፣ ንግግሯን ጀመረች። እናንተ አጨበጨባችሁ። እኔ ግን ነገ የእያንዳንዳችን ተራ ሲደርስ ምን እንደሚታይ እያሰብኩ ነበር።

ስለዚህ ይኼው ነው የምላችሁ። በሚመጣው ዓመት የዳኝነት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከአበሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ለእጩነት የቀረበ ፊልም ሁሉ ያልተጨመቀ ሙሉ ቅጂውን የሚያስገባበት ቦታ ተዘጋጅቷል ወይ በሉ። አልተዘጋጀም ካሏችሁ አልመጣም በሉ። አንድ ሰው ቢቀር ይተኩታል፤ ሁላችንም ብንቀር ግን ሊተኩን አይችሉም። ፕሮዲዩሰሩ ይሰረቅብኛል ብሎ ቢፈራ በወረቀት ይፈረምለት፤ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንደማይታይ፣ መብቱ የእሱ እንደሆነ። ቅጂው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከአንዱ በተለየ ሕንጻ፣ ቢቻል በተለየ ከተማ ይቀመጥ፤ በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ዲስክ የሚገለብጥ ሰው ደመወዝ ይቆረጥለት። ወጪው ስፖንሰሮቹ ለቀይ ምንጣፉና ለርችቱ ከሚያወጡት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም፤ በአንድ ዓመት ርችቱ ይቅርና ይታይ። ለአዘጋጆቹ በጽሑፍ ያቀረብኩት ይህንኑ ነው፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

እስከዚያ ድረስ በቤታችሁ ያለውን አውጡ። ቆርቆሮውን ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ኮምጣጤ የሸተተውን ካልሸተተው ለዩት። ካሴቱን ከመስኮቱ አርቃችሁ አቁሙት እንጂ አታስተኙት፤ ላዩ ላይ የፊልሙን ስም፣ ዓመቱንና የተቀረጸበትን ማሽን ዓይነት በእስክሪብቶ ጻፉ፤ «ልዩ ልዩ» ብላችሁ አትጻፉ። በፊልሙ ላይ የሠሩትን ሰዎች ስም የምታስታውሱትን ያህል በአንድ ወረቀት አስፍራችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ሪያድ ላሉት ዘመዶቻችሁም ደውሉ። እኛ ያጣነው ፊልም የእነሱ ሳሎን ውስጥ በቪኤችኤስ ካሴት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ለናፍቆት ብለው የገዙትን እንዳይጥሉት ንገሩልን። ዲስክ ካላችሁ ዛሬ ማታ ሰክታችሁ እዩት፤ ከከፈተ ሳታዘገዩ ቅጂ አውጡለት። ጠቅ፣ ጠቅ ካለ ደግሞ ወዲያው ንቀሉት፤ አትደጋግሙት፤ ዳታ የሚያወጣ ባለሙያ ፈልጉ፤ የሚያውቅ ከጠፋባችሁ እኔ የማውቀው ልጅ አለ፣ ቁጥሩን ከእኔ ውሰዱ።